ጡብ በጡብ የሚቆም ፊደል፦ ከቴትሪስ ተነሥቶ ባለቀለም የግዕዝ ፎንት መሥራትና ማካፈል

በምሥራቅ ጎጃም የትምህርት ደብሮች፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅ፣ በዲማ ጊዮርጊስ ዙሪያ ላደገ ሰው ባለ ሁለት ቀለም ጽሑፍ ብርቅ አይደለም። ቁም ጸሓፊው ሁለት የቀለም ቀንድ አጠገቡ አቁሞ፣ አንድ ብዕር ለጥቁሩ፣ አንድ ብዕር ለቀዩ ይዞ ይቀመጣል። ጥቁሩ ንባቡን ይሸከማል። ቀዩ የምዕራፉን መክፈቻ፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳኑን ስም፣ የቁጥሩን የላይና የታች መስመር፣ የነጥቦቹን ጌጥ ይይዛል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ደብረ ኤልያስ ነው፤ በዚያ ዘመን ተማሪ ፊት የሚዘረጋው የብራና መጽሐፍ በእነዚህ ሁለት ቀለሞች የተጻፈ ነበር።

ማተሚያ ሲመጣም ቀዩ አልቀረም። የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት፣ በግዕዝ ፊደል ከታተሙ መጻሕፍት የመጀመሪያው፣ በጥቁርና በቀይ ነው የወጣው። ቀዩን ከፊደሉ ውስጥ ያስወጣው ኮምፒውተር ነው። ተራ ፎንት የፊደሉን ዳር ድንበር ብቻ ይይዛል፤ ውስጡን በምን ቀለም መሙላት እንዳለበት አያውቅም። ጸሐፊው ቃሉን መርጦ ቀይ ሲያደርገው ፊደሉ እንዳለ ይቀላል። ከአንድ ፊደል ውስጥ ግማሹን ጥቁር፣ ግማሹን ቀይ ማድረግ ግን አይችልም።

ባለቀለም ፎንት ይህን ነው የሚፈታው። ዛሬ በስልካችን የምንልካቸው ስሜት ገላጭ ምስሎች፣ ኢሞጂዎቹ፣ በአብዛኛው የሚመጡት ከባለቀለም ፎንቶች ነው፤ ቢጫው ፊት እንደ «ሀ» እና «ለ» ቁጥር ተሰጥቶት በፎንት ውስጥ የተቀመጠ ምልክት ነው። ነገሩን የገፉት ኢሞጂዎች ስለነበሩ አፕል፣ ጎግል፣ ማይክሮሶፍት፣ እንዲሁም አዶቤ ከሞዚላ ጋር የየራሳቸውን ዘዴ አወጡ። አንዳንዱ ዘዴ ፊደሉን እንደ ፎቶ ያስቀምጠዋል፤ ሲያሳድጉት ይደበዝዛል፣ ፋይሉም ይከብዳል። ማይክሮሶፍት በ2013 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 8.1 ጋር ያመጣው፣ በምኅጻሩ ኮለር የሚባለው ዘዴ ግን በመስመር የተሳሉ ንጣፎችን አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል። ፎቶ ስለሌለበት ፋይሉ ትንሽ ነው። ኔትዎርክ በሚጠፋበት፣ ፋይል በፍላሽና በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ በሚሄድበት አገር ለሚሠራ ሰው ምርጫው ይህ ነው ባይ ነኝ።

አሠራሩን እንይ። የ«፩»ን ቁጥር እንደ ብራናው መሥራት ፈለግን እንበል። የመጀመሪያው ንጣፍ የቁጥሩ አካል ነው፤ ሁለተኛው ንጣፍ የላይና የታች መስመሮቹ ብቻ ናቸው። ፎንቱ ውስጥ አንድ የቀለም ሠንጠረዥ አለ፤ ቀለሞቹ ከዜሮ ጀምሮ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተደርድረዋል። ንጣፉ «ቀይ ነኝ» አይልም፤ «ከሠንጠረዡ ሁለተኛውን ቀለም ስጡኝ» ይላል። ስለዚህ ሠንጠረዡን ብቻ በመለወጥ ፎንቱ በሙሉ መልኩን ይለውጣል፤ አንድ ፎንት ለነጭ ገጽ አንድ፣ ለጥቁር ገጽ ሌላ ሠንጠረዥ ሊይዝ ይችላል። አንድ ተጨማሪ ብልሃት አለ፦ 65535 የሚለው ቁጥር «ተጠቃሚው ጽሑፉን የቀባበትን ቀለም ውሰድ» ማለት ነው። የፊደሉን አካል በዚህ ቁጥር ካሰርነው ጸሐፊው ጥቁርም ሰማያዊም ቢመርጥ አካሉ ይከተለዋል፤ ጌጡ ብቻ በራሱ ቀለም ይቆያል።

አሁን ወደ ጨዋታው። ሰዎች ከሚወዱት የቪዲዮ ጨዋታ ተነሥተው ፎንት ይሠራሉ፤ የጨዋታው ባለቤት አላዘዛቸውም፣ አልከፈላቸውም፣ ፍቅር ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የናምኮ ጨዋታዎች ፊደል ተነሥቶ የተሠራው ፕሬስ ስታርት 2ፒ ዛሬ በጎግል ፎንትስ ላይ በነፃ ይገኛል። ከማይንክራፍት ፊደል የተነሣው ሞኖክራፍት የፕሮግራም ጸሐፊዎች መጠቀሚያ ሆኗል። ሁለቱም በዋነኛነት የላቲን ፊደል ናቸው። ለእኛ ፊደል የሚስማማ ጨዋታ ልምረጥ ብል ጡብ እየወረደ መስመር የሚሞላበትን ቴትሪስን እመርጣለሁ፤ ጨዋታውን ብሪክ ጌም በምትባለው የእጅ መጫወቻ ያልተጫወተ የኛ ዕድሜ ሰው ጥቂት ነው።

ቴትሪስን አሌክሴይ ፓጂትኖቭ በ1984 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ሠራው። የመጀመሪያው ቅጂ የተጻፈበት ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት አይችልም ነበር፤ የሚያሳየው ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ የሚወርዱት ጡቦች የተሳሉት በቅንፍ ምልክቶች ነበር። ጨዋታው ሲወለድም ከፊደል ገበታ ነው የተወለደው። ቅርጾቹ ሰባት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከአራት ካሬ የተገጣጠሙ፦ ቀጥ ያለው፣ አራት ማዕዘኑ፣ ቲ፣ ኤል፣ ጄ፣ ኤስ እና ዜድ። በኤምአይቲ የሚያስተምረው የሒሳብ ሰው ኤሪክ ዴሜይን ከአባቱ ከማርቲን ጋር ከእነዚህ ቅርጾች የላቲን ፊደላትን ሠርቷል፤ እያንዳንዱ ፊደል ሰባቱን ቅርጾች አንድ አንድ ጊዜ ይዟል። በግዕዙስ?

«በ»ን እንሞክር። አንድ ካሬ ውፍረት ባለው መስመር ብንስላት፣ ላይዋ አምስት ካሬ ከሆነ ቀድመን ወድቀናል፤ ሁለቱ እግሮች እኩል ስለሆኑ ድምሩ ሁልጊዜ ጎዶሎ ይመጣል፣ ጎዶሎ ደግሞ ለአራት አይካፈልም። ላይዋን አራት፣ እግሮቿን አራት አራት ብናደርግ 12 ካሬ ይሆናል፤ ሦስት ቀጥ ያሉ ቅርጾች ይበቁታል። ፊደሉ ቆመ፣ ግን ጨዋታው ሞተ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጡብ ነው። መፍትሔው መስመሩን ማወፈር ነው። ውፍረቱን ሁለት ካሬ፣ የላዩን ስፋት ስድስት፣ እግሮቹን ከላዩ በታች አራት አራት ብናደርግ 12 እና 8 እና 8፣ በድምሩ 28 ካሬ እናገኛለን። ለአራት ሲካፈል ሰባት። ሰባት ጡብ! እንግዲህ ሰባቱን ቅርጾች አንድ አንድ ጊዜ ብናስገባ አይደል?

አይገባም፤ ምክንያቱም ደስ ይላል። «በ»ን እንደ ዳማ ገበታ አንዱን ካሬ ነጭ፣ አንዱን ጥቁር አድርገን እንቀባት፤ 14 ነጭና 14 ጥቁር ይወጣል። ከሰባቱ ቅርጾች ስድስቱ፣ የትም ቢቀመጡ፣ ሁለት ነጭና ሁለት ጥቁር ይሸፍናሉ። ቲ ብቻ ሦስት ለአንድ ነው። ስለዚህ አንድ ቲ ብቻ ካለ ሚዛኑ 15 ለ13 ይሆናል፣ ፊደሉም አይገጥምም። እንዲህ ባለች «በ» ውስጥ ቲ ከገባ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መግባት አለበት፤ አለዚያ ጭራሹን ይቅር። ሌላም ሕግ አለ፦ ቀጥ ባለው እግር ውስጥ ቲ፣ ኤስ እና ዜድ አይቀመጡም፤ ከበታቻቸው ጎዶሎ ካሬ ይተዋሉ። የእነሱ ቦታ ማዕዘኑ፣ ላዩና እግሩ የሚገናኙበት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግማሽ ቀን ጡብ ሲያንሸራትት ሊውል ይችላል።

የግዕዝ ፊደል ለዚህ ጨዋታ የተመቸበት ሌላው ነገር ቤቶቹ ናቸው። ፊደል ቆጣሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ሰባት፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ግዕዟ 28 ካሬ ከሆነች «ቡ» ላይ የሚጨመረው የጎን ምልክት ሁለት በሁለት የሆነ አንድ አራት ማዕዘን ጡብ ነው። «ቢ» ላይ ያው ጡብ ወደ እግር ይወርዳል፤ «ብ» ላይ ወደ ግራ ይሻገራል። «ባ» እና «ቦ» ምልክት የላቸውም፤ አንድ እግራቸው ይረዝማል፣ እርዝማኔውም ያው አንድ ጡብ ነው። «ቤ» ቀለበት አላት፤ መሐሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ደግሞ ቢያንስ ስምንት ካሬ ይፈልጋል፣ ሁለት ኤል ተያይዘው በትክክል ይሠሩታል። አካሉ አይነካም፤ ቤቱ ሲለወጥ አንድ ጡብ ይጨመራል፣ ለ«ቤ» ሁለት። ይህ ንጽሕና በሁሉም ፊደል ላይ አይገኝም። «ረ» እና «ፈ» ካዕባቸው ላይ ሲደርሱ እንደፈለጋቸው ይሆናሉ፤ ለእነሱ ለብቻ መቀመጥ ያስፈልጋል። ሦስት እግሯ «ሐ» ደግሞ በዚህ ልክ ስፋቷ አሥር ካሬ ይወጣል፤ የቴትሪስ ሜዳም ስፋቱ አሥር ነው።

ቀለሙን የት እናድርገው? በይፋዊው ጨዋታ ዛሬ እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ቀለም አለው፤ ቀጥ ያለው ውሃ ሰማያዊ፣ አራት ማዕዘኑ ቢጫ፣ ቲ ሐምራዊ እያለ ይቀጥላል። ያንን መቅዳት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልመክርም፣ ምክንያቱን ከታች አነሣለሁ። ለአንባቢ የሚጠቅመው ቀለሙን ለቤቱ መስጠት ነው። አካሉ በጸሐፊው ቀለም ይቆይ፤ ካዕብ የሚያደርገው ጡብ አንድ ቀለም፣ ሣልስ የሚያደርገው ሌላ ቀለም ይኑረው። «ቡ»፣ «ሉ»፣ «ሙ» በአንድ ቀለም ይጠራሉ፤ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ዓይኑ በቀለሙ ይመራል። ግዕዙ ጌጥ ስለማያስፈልገው ስድስት ቀለም ይበቃል። የጡቦቹን መጋጠሚያ ቀጭን ክፍተት አድርጎ መተው ብቻውን ጨዋታውን ያስታውሳል።

ቀለም ሲመረጥ ወረቀትን ማሰብ ያስፈልጋል። ቢጫ በስክሪን ላይ ያምራል፣ በነጭ ወረቀት ላይ አይነበብም። የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚባዛው በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ስድስቱም ቀለሞች ወደ አንድ ዓይነት ግራጫ ቢለወጡም ፊደሉ መነበብ አለበት።

ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ ኮድ ነው። በድሮዎቹ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ሆኖ የሚወጣው የግዕዙ ፊደላት በላቲኖቹ ቦታ ስለተቀመጡ ነው። ያ ዘመን አልፏል፤ ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 ቅጂው 345 የግዕዝ ምልክቶችን ተቀብሏል። «በ» ቁጥሯ 1260 ነው፤ «ቡ» 1261 እያለ እስከ «ቦ» 1266 ይሄዳል፣ 1267 «ቧ» ናት። አዲስ ፎንት የሚሠራ ሰው ከዚህ ቁጥር ውጪ ፊደል ማስቀመጥ የለበትም።

ሁለተኛው መሣሪያ ነው። ኢንክስኬፕ የተባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም ካሬዎቹን በካሬ ወረቀት ላይ እንደሚሠሩ አድርጎ ለመሥራት ያስችላል። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ፋይል ሆኖ በኤስቪጂ ዓይነት ይቀመጣል፣ የፋይሉ ስም ላይ የዩኒኮድ ቁጥሩ ይጻፋል። ከዚያ ናኖኢሞጂ የተባለው፣ ከጎግል የወጣ ነፃ መሣሪያ ፋይሎቹን ሰብስቦ ወደ አንድ ፎንት ይለውጣቸዋል። ይህ መሣሪያ በትእዛዝ መስመር ስለሚሠራ ለጀማሪ ትንሽ ያስፈራል፤ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወጣ ወዳጅ ካለ ከእሱ ጋር መቀመጥ ነው። ፎንትፎርጅ ደግሞ ቀለም የሌለውን ዋናውን ቅርጽ ለመሥራት ይረዳል። ይህ ቀለም አልባ ቅርጽ መቅረት የለበትም፤ ባለቀለም ፎንት የማያውቅ ፕሮግራም የሚያሳየው እሱን ነው።

ሦስተኛው መጠን ነው። ላቲን የሚሠራው ሰው 26 ፊደል ጨርሶ ይተኛል። አማርኛ 33 ቤተሰብ በሰባት ሲባዛ 231፣ ዲቃሎቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያም በላይ ነው። ብዙ ጅምር የሚቀረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስለዚህ ከቁጥሮቹ መጀመር ይሻላል፤ ከ«፩» እስከ «፼» ሃያ ምልክት ብቻ ናቸው፣ የላይና የታች መስመራቸው ለሁለት ቀለም የተሠራ ነው፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ሲጨመሩበት በራሱ ሊካፈል የሚችል ትንሽ ፎንት ይወጣል። ጡቡም ልኩም የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። ካሬ ከየት እንደሚጀመር ለቸገረው ጂኤንዩ ዩኒፎንት አለ፤ የግዕዙን ፊደላት በ16 በ16 ካሬ ስሎ አስቀምጧቸዋል፣ ፈቃዱም ክፍት ነው።

አሁን ወደ ማካፈሉ፤ በፍቅር የተሠራ ሥራ የሚሰናከለው እዚህ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ የቴትሪስ ባለቤቶች ሚኖ የሚባል የአይፎን ጨዋታ የሠራውን ሲዮ ኢንተራክቲቭ የተባለ ድርጅት ከሰው ረቱት። ድርጅቱ «እኛ የወሰድነው የጨዋታውን ሕግ እንጂ ሥራውን አይደለም» ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ የመለሰው ጨዋታውን ለወደደ ፎንት ሠሪ ሁሉ ይጠቅማል፦ ጡብ እየወረደ መስመር የሚሞላበት ሐሳብ የማንም አይደለም፤ ሃያ በአሥር የሆነውን ሜዳ፣ የጡቦቹን መልክና አቀራረብ እንዳለ መገልበጥ ግን የሰው ሥራ መውሰድ ነው። የእኛም አዋጅ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ሐሳብን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው።

አራት ካሬ ተገጣጥመው የሚሠሯቸውን ቅርጾች የሒሳብ ሰው ሰሎሞን ጎሎምብ በ1953 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥቶ አጥንቷቸዋል፤ ከጨዋታው በፊት ነበሩ። እነሱን መጠቀም ችግር የለውም። ቀለሙን ቅርጽ በቅርጽ እንዳለ መገልበጥ፣ ጡቡ ላይ ያለውን አንጸባራቂ ጠርዝ መቅዳት፣ ከጨዋታው ፋይል ውስጥ ሥዕል ቆርጦ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ቀለሙን ለቤቱ እንስጥ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው። ስሙም እንደዚያው፦ ፎንቱ «ቴትሪስ ግዕዝ» ተብሎ ቢሰየም የንግድ ምልክት ነክቷል፤ አገር ውስጥ ይህን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ፎንቱን የራስ ስም ሰጥቶ ማብራሪያው ላይ «ከቴትሪስ ጨዋታ መነሻ አግኝቷል፣ ከባለቤቱ ጋር ግንኙነት የለውም» ብሎ መጻፍ ንጹሕ ነው። ገንዘብ አለመቀበል ብቻውን ነፃ አያወጣም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የራስን ሥራ ለሌላው ሲሰጡም ፈቃዱን መጻፍ ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ፎንት የማን እንደሆነ፣ ማተሚያ ቤት ቢጠቀምበት ይፈቀድ እንደሆነ አይታወቅም፤ ጠንቃቃው ሰው ይተወዋል፣ ግድየለሹ ይሸጠዋል። ኤስአይኤል ያወጣው ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ለዚህ የተለመደው ነው። ማንም እንዲጠቀም፣ እንዲያሻሽል፣ እንዲያካፍል ይፈቅዳል፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥን ይከለክላል፤ የተሻሻለውም በዚያው ፈቃድ እንዲወጣ ያዛል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና የጎግሉ ኖቶ ግዕዝ የሚሰራጩት በዚህ ፈቃድ ነው። ከእነሱ አንዱን መነሻ አድርጎ ቀለም የጨመረ ሰው የራሱንም በዚያው ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው፤ መነሻው ስሙን አስከብሮ ከሆነ ሌላ ስም ይሰጠዋል።

በተግባር የሚላከው አንድ ዚፕ ፋይል ነው፦ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ፎንት፣ ለድረ ገጽ የታመቀው ቅጂ፣ የፈቃዱ ጽሑፍ፣ ፎንቱ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ምስል። ምስሉ አይረሳ፤ ብዙ አንድሮይድ ስልክ ከውጭ የመጣ ፎንት አይቀበልም፣ የስልክ ተጠቃሚ ፊደሉን የሚያየው ብዙውን ጊዜ በምስሉ ነው። ኮምፒውተር ላይ በደንብ የሚታየው በክሮምና በፋየርፎክስ ነው። ቀለም እየፈዘዘና እየደመቀ እንዲሄድ የሚያደርገው አዲሱ የኮለር ቅጂ በክሮም የሚሠራው ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ የቆየ ኮምፒውተር ላላቸው ሰዎች የሚሰራጭ ከሆነ የመጀመሪያውና ቀላሉ ቅጂ ይበቃል።

ፎንቱ የት እንደሚውልም ሠሪው ቢጠቁም መልካም ነው። ለክፍል ግድግዳ፣ ለልጆች መጽሐፍ፣ ለጨዋታ፣ ለቲሸርት ይሆናል። ረጅም ንባብ ላይ ዓይን ያደክማል። ድርሳንና ተአምር በጡብ ፊደል ተጽፎ ሊቃውንቱ ፊት ቢቀርብ የሚሉትን ለመገመት ደብረ ኤልያስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ከተለቀቀ በኋላ አስተያየት ይመጣል፤ «ጸ» እና «ፀ» ተለዋወጡ፣ «ኰ» የለችም፣ ሳድሱ ከጎኑ ካለው ፊደል ጋር ይጋጫል ይባላል። የመጀመሪያውን ቅጂ 0.1 ብሎ መሰየም፣ እርማቱ ሲገባ ቁጥሩን ወደ 0.2 ማሳደግ፣ ምን እንደተለወጠ በሁለት መስመር ጽፎ ከዚፑ ውስጥ ማስገባት የተለመደው አሠራር ነው። ቁጥሩ ካልተለወጠ የፎንቱ አሮጌ ቅጂ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ይኖራል፣ የታረመው ስህተትም እንደገና እየተዘገበ ይመለሳል።